የዴኖች ረድፍ

መጋቢት 24

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች የከሰዓት ማጠናከሪያ ጀመርኩ። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ምድጃ ይሆናል። ተማሪዎቹ ከገበያ የገዙት ማጠቃለያ መጽሐፍ ለአንግሎ ሳክሶኖች፣ ለቫይኪንጎችና ለኖርማኖች በጠቅላላ አንድ አንቀጽ ሰጥቷል። ስድስት መቶ ዓመት በአንድ አንቀጽ። እሱም ቢሆን ቫይኪንጎቹን ቀንድ ያለው ቆብ አልብሷቸዋል። መጽሐፎቹን ሰብስቤ ቆለፍኩባቸው። አንዱ "ቲቸር፣ በብራችን ነው የገዛነው" አለ። አውቃለሁ። ማትሪክ ሲያልፉ እመልስላቸዋለሁ።

ዘዴዬን ነገርኳቸው። ግራው ረድፍ ዴኖች ናቸው፤ ከዴንማርክ በጀልባ የመጡት ቫይኪንጎች። መካከለኛው ሳክሶኖች፣ የአገሩ ባለቤቶች። ቀኙ ኖርማኖች። እያንዳንዱ ወገን ንግግር ያደርጋል፤ ንግግሩን የሚጽፍለት ግን ጠላቱ ነው። የሳክሶኑን ንጉሥ ቃል ዴኖች ይጽፋሉ፣ የዴኑን አለቃ መልስ ሳክሶኖች። የጠላቱን ምክንያት ጠላቱ ራሱ ከሚናገረው አሳምሮ ያልጻፈ ዜሮ ያገኛል። አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

ረድፎቹን እንደተቀመጡ ከፈልኳቸው። ጊዜ ማባከን አልወድም።

መጋቢት 30

ሙቀት። መብራት የለም። የባሮ ወንዝ ቀንሶ አሸዋው ወጥቷል።

የንጉሥ አልፍሬድን አፈ ታሪክ ነገርኳቸው። ከዴኖች ሸሽቶ ረግረግ ውስጥ በተደበቀ ጊዜ አንዲት የገበሬ ሚስት ማንነቱን ሳታውቅ ዳቦዬን ጠብቅልኝ ትለዋለች፤ እሱ አገሩን ሲያስብ ዳቦው ያራል፤ ሴትዮዋ ትሰድበዋለች። ይህ የሆነ ነገር ሳይሆን ከሞተ በኋላ የተወራ ነው፣ ለዩ አልኳቸው። ከግራው ረድፍ ኛኩዎል እጇን አወጣች። ሴትዮዋ ያን ቀን ምን በላች ብላ ጠየቀችኝ። በሃያ ምናምን ዓመት ማስተማር ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። አይታወቅም አልኩ። "የጻፉት ሰዎች ጠግበው ነበር ማለት ነው" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቀኑን እንደገና ጻፍኩ።

በሳክሶኖች ሕግ የተገደለ ሰው ካሳ እንደየማዕረጉ ተተምኖ እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ ከዚያው ረድፍ "በከብት ነው?" የሚል መጣ። በገንዘብ ነው አልኩ። "አይ፣ ድሆች" ተባለ።

ይህ ክፍል ሥርዓት የለውም። ዝውውሬ ቢሳካ ደሴ ውስጥ ቢያንስ ዝም ብለው የሚሰሙ ተማሪዎች ይኖራሉ።

ሚያዝያ 3

ዛሬ የሳክሶኑ ንጉሥ ቀን ነበር። ንጉሥ የሆነው ኦሉም ነው። ከአፉ ቃል በጉጠት የሚወጣ ልጅ ነው፤ እናቱ አኬሎ ትባላለች፣ ገበያ ላይ ዓሣ ትሸጣለች፣ አባት የለውም። ኛኩዎል የጻፈችለትን ወረቀት አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በቃሉ፣

"በወንዙ መጡ። መጀመሪያ ሊሸጡ መጡ፤ ገዛንላቸው። ቀጥሎ ሊከርሙ መጡ፤ እሳት ሰጠናቸው። አሁን ሊቀሩ ነው የመጡት። እስከ ዛሬ ወንዙ የእኛ ነው ብለን አናውቅም፤ ወንዝ ነው ብለን ነበር። ዛሬ ግን ንገሩን። እኛስ የት እንክረም?"

ኛኩዎል የራሷን ቃል እንደ ሰው ቃል አፏን ከፍታ ትሰማ ነበር።

ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። ገዳማት መቃጠላቸው አልተጠቀሰም።

ሚያዝያ 6

በችኮላ። አንድ የሌላ ክፍል ልጅ የኦሉምን ንግግር በመስኮት በስልኩ ቀርጾ ለቆታል። ሳክሶን የሚል ቃል የለበትም፤ ንጉሥ የሚልም የለበትም። "የጋምቤላ ወጣት እውነቱን ተናገረ" ብለው ጽፈውበታል። ሙዚቃ አግብተውበታል። ወደ ቤት በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ ይሰማው ነበር። ማን ነው ልጁ አልኩት። "አኝዋ ነው፣ ኑዌሮቹን ነው የሚለው" አለኝ። እሱ የሳክሶን ንጉሥ ነው አልኩት። በመስታወቱ አየኝ።

ማታ። ለማሚቱ ነገርኳት። ሚስቴ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም ግን ስትጠይቅ ዐቃቤ ሕግ ናት።

ዴን ያደረግከው ማንን ነው አለችኝ። የግራውን ረድፍ አልኩ። ግራ ረድፍ ላይ ማን ይቀመጣል አለች። በሐሳቤ ስም ጠራሁ። ኛኩዎል፣ ኛይየን፣ ከኋላቸው ያሉት ወንዶች። ሁሉም ኑዌር። መካከለኛው ረድፍ አኝዋ። ቀኙ የእኛው የደገኞቹ ልጆች።

"ኖርማኖቹ ምን ያደርጋሉ?"

"መጨረሻ ላይ መጥተው ሁሉንም ይገዛሉ።"

"አይ ዳምጤ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እንደተቀመጡ ነው የከፈልኳቸው። ማንም ሰው እንደዚያ ያደርግ ነበር። እኔ ረድፍ ነው ያየሁት።

ሚያዝያ 8

ኦሉም ከትምህርት ታገደ። የወላጆች ስብሰባ እስኪጠራ ድረስ ነው ተባለ፤ ስብሰባው ካልተስማማ ግን ማትሪክ አይቀመጥም። በተረበሸች ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ይዞ ፈተና መግባት አይቻልም አሉ።

ይህን የነገረኝ ዳይሬክተሩ አብኔር ነው። እሱም አኝዋ ነው። ለወገኑ ልጅ አደላ እንዳይባል ከሁሉም በላይ ይጨክናል። ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር፤ እያየኝ አልነበረም የሚናገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሉ የኦሉም አለመሆኑን አውቃለሁ። የማን እንደሆነም አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ልጁ ነገ ይመለሳል። ግን ያ ዓረፍተ ነገር፣ ኑዌሮቹን እንዲህ ያለቻቸው የራሳቸው ልጅ ናት ማለት ነው። ኑዌሮች በሚበዙበት በኒውላንድ ሰፈር ወጣቱ በቪዲዮው በንዴት ተቃጥሏል። አባቷ ጋትሉዋክ ማታርና ጋምቤላ መካከል በጀልባ የሚነግድ ሰው ነው፤ ቃሉ ይሰማል ይባላል፣ ቁጣውም ይሰማል ይባላል። አሁን ማታር ነው። ሲመጣና ሲሰማ ምን ያደርጋታል?

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ኦሉምን ማን ጻፈልህ ብሎ ጠይቆታል። "ንጉሡ ነው የተናገረው" ከማለት በቀር ስም አልጠራም።

ኛኩዎል በር ላይ ጠበቀችኝ። እናገራለሁ አለች። አትናገሪም አልኳት። "ቲቸር፣ ኦሉም ግን" ስትል አቋረጥኳት። ይህ የእኔ ጉዳይ ነው አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ይሆናል። ሄደች። ለኦሉምም ዝም በል ብዬ አስነገርኩት።

ሚያዝያ 9

ቢሮ ገብቼ ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩት ለአብኔር።

ብዕሩን አስቀመጠ። "አንተ ጽፈኸው ቢሆን ልጁ መሃል ላይ ይተኛ ነበር" አለኝ።

በሕይወቴ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። ቀጠለና ውሸት እንደማይሆንልኝ፣ ነገር ግን ስብሰባው ላይ በዚሁ ከጸናሁ ልጁ ሊተርፍ እንደሚችል፣ እኔ ግን ከዚህ ትምህርት ቤት እንደምነሳ ነገረኝ። ይህንንም ለወዳጅ እንደሚነገር አድርጎ ነው የነገረኝ።

ማሚቱ ስትሰማ "እንኳን ደስ ያለህ፤ ስንት ዓመት የለመንከው ዝውውር በነጻ መጣልህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ደስ ብሎኛል። ራት አልበላሁም፤ በዚህ ሙቀት ማን ይበላል።

ሚያዝያ 13

የኦሉም እናት አኬሎ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ልጇ ቤት ውስጥ ሆኖ መጽሐፍ እንደማይነካ፣ ወንዝ ዳር እንዳይወርድ እንደከለከለችው፣ እሱ ከሌለ መረቡ ባዶውን እንደሚውል ነገረችኝ። ከዚያ፣

"ተናገር ያልከው አንተ ነህ ቲቸር። ዝም በል የምትለውም አንተ ነህ። ልጄ የማንን ይስማ?"

እንደሄደች የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት። ከአምና ጀምሮ ይጮኻል።

ሚያዝያ 15

እንቅልፍ የለም።

ሳክሶኖቹም ራሳቸው በጀልባ የመጡ ናቸው። ይህን ለክፍሉ ነግሬያለሁ ወይስ አልነገርኩም? ከእነሱ በፊት ሌሎች ነበሩ፤ ወደ ምዕራብ ገፏቸው። ኖርማኖቹ ደግሞ የቫይኪንጎቹ ልጆች ናቸው፤ ፈረንሳይ ውስጥ በወንዝ አፍ ላይ መሬት ተሰጣቸውና በጥቂት ትውልድ የአያቶቻቸውን ቋንቋ ረሱ። ማንም ከመሬት የበቀለ የለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሌሎቹ ስለ አብዮት ሲያነቡ እኔ ይህን ነበር የማነበው። አማካሪዬ ለወሎ ልጅ እንግሊዝ ምኑ ነው ይለኝ ነበር።

እኛ የመጣነው በወንዝ አይደለም። በሰባ ሰባት፣ በጭነት መኪና። እኔ ልጅ ነበርኩ። አቦቦ አውርደው ይህ መሬታችሁ ነው አሉን። አባቴ የማን ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ካድሬው የመንግሥት ነው አለው። አባቴ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ወንድሞቼ እስከ ዛሬ በቆሎ ያመርቱበታል። እኛን ማንም ትሄዳላችሁ ወይ አላለንም፤ እዚህ ያሉትንም ይምጡባችሁ ወይ ያላቸው የለም። ግን ይህ ሌላ ነገር ነው። ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም።

መስኮቱን ልክፈት። ትንኝ ይግባ።

ሚያዝያ 17

ጋትሉዋክ ከማታር ገባ። ስብሰባው ነገ ነው። ቪዲዮውን ደጋግሞ አይቶታል ይላሉ፤ አይቶ ምንም አላለም ይላሉ። ምንም አለማለቱን አልወደድኩትም።

የምናገረውን ልምምድ አደረግኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ሚያዝያ 18

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ማንጎ ሥር ነበር። ወላጆቹ እንደ ልጆቻቸው ተቀምጠዋል፤ ግራ፣ መካከል፣ ቀኝ። ዛሬ አየሁት። አብኔር ጉዳዩን አነበበ፤ ቪዲዮው በስልክ ተሰማ። ከግራ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። ኦሉም ከእናቱ ጎን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጋትሉዋክ ረጅም ሰው ነው፤ ከወንበሩ እግሩ ተርፎ የሰው መንገድ ይዘጋል። ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም።

ተነሣሁ። የተማሪው ጥፋት አይደለም፣ ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። በትክክል አልኩት።

"ቲቸር ዋሸ።"

ኛኩዎል ናት። ከሴቶቹ መካከል ተነሥታለች። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለች።

ከግራው በኩል ጩኸት ሆነ። አንድ ወጣት አንቺ የማን ልጅ ነሽ አላት። ጋትሉዋክ እጁን አነሣ፤ ዝም አሉ። በኑዌርኛ አንድ ነገር ጠየቃት፤ አጠገቤ ያለው ሰው "ለምን ነው የሚላት" አለኝ። እሷ ግን ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ መለሰች።

"ዜሮ እንዳላገኝ።"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ። እሷ አልሳቀችም። የጠላትህን ሐሳብ አሳምረህ ካልጻፍክ ዜሮ ነው ብሎናል፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳክሶን ሆኜ አሰብኩ፣ ስለ እኛ አይደለም የጻፍኩት፣ ግን ስጽፍ የኦሉምን እናት አሰብኩ አለች። ከዚያ ተቀመጠች።

ጋትሉዋክ በአማርኛ ጠየቀ፤ አማርኛው ቀስ ይላል።

"ዴኖቹስ? እነሱ ዝም አሉ?"

መልስ የመስጫቸው ቀን ሳይደርስ ነው ልጁ የታገደው አልኩ። መልሱን የጻፈው ማን ነው አለ። ኦሉም ተነሣ። አኬሎ ሸሚዙን ያዘችው፤ ቀስ አድርጎ አስለቀቃት። ወረቀት አልያዘም።

"እኛስ የት እንክረም አላችሁን። እኛም የመጣነው ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ነው። አገራችን ውሃው ሲሞላ ቤት ይወስዳል፣ ሲጎድል ከብት ይወስዳል። ጀልባ የሠራነው ጦርነት ስለምንወድ አይደለም፤ መሬት ስለማይንሳፈፍ ነው። ሰው እናቱን አዝሎ በወንዝ ሲመጣ ሽፍታ አላችሁት። አዎ፣ ሰርቀናል። አዎ፣ አቃጥለናል። ለዚህ ካሳ እንክፈል። ስለመጣን ግን ካሳ አንከፍልም፤ ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ነው።"

ከአፉ ቃል በጉጠት የሚወጣ ያልኩት ልጅ ነው ይህ።

ጋትሉዋክ ንግግሩን ላልሰሙት አሮጊቶች ራሱ በኑዌርኛ ተረጎመላቸው። አንዷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደ አኬሎ ዞረ።

"ይሄ ልጅ የአንቺ ነው? የእኛን ነገር ከእኛ በላይ ያውቃል። ወይ ሰላይ ነው፣ ወይ ልጃችን ነው።"

አኬሎ ወዲያው መለሰች። "ሰላይ ቢሆን ይከፈለው ነበር" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ግራም መካከልም። ከቀኝ በኩል ትንሽ ዘግይቶ ተሳቀ፤ እኛ ሁልጊዜ እንዘገያለን።

አብኔር ፊቱን በመሐረብ ጠረገ፤ ሲጨርስ ሌላ ፊት ነበረው። ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለ። ማንም አልነበረውም። ኦሉም ነገ ወደ ክፍል ይመለሳል፣ ፈተናውንም ይቀመጣል አለ።

ስንበተን ጋትሉዋክ መጣብኝ። ለምን ዋሸህ አለኝ። ለልጅህ ፈርቼ ነው አልኩት። ገባው። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ።

"እኔ ማታር ዓሣ ነው የምሸጠው" አለኝ። "ልጅ እበላለሁ ያለህ ማን ነው?"

ይቅርታ ጠየቅኩት። የእሱን ሐሳብ ከእሱ አሳምሬ ላስብለት ይቅርና፣ ሐሳብ አለው ብዬም አላሰብኩ። በራሴ መለኪያ ዜሮ ነው። ኛኩዎል ገና በመጀመሪያው ቀን እናገራለሁ ስትለኝ ባልጮህባት ኦሉም ከአንድ ቀን በላይ ባልታገደ።

ግን ይመለሳል። ይመለሳል። ማሚቱ ሁለት ጊዜ ራት አቀረበችልኝ፤ ሁለቱንም በላሁ።

ሚያዝያ 19

ዝናብ። የዓመቱ የመጀመሪያ። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማስተማር አልተቻለም። ተቀምጠን ሰማነው። ኦሉም በቦታው ነበር። ሰባት ሰዓት ያህል እንደተኛሁ ነው የተሰማኝ፣ በቀን።

ግንቦት 6

ረድፎቹን ቀላቀልኳቸው። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ራሴ ወሰንኩ፤ ሰሌዳው ላይ ሳልኩት። በማግስቱ ሁሉም ወደየቦታው ተመልሷል። እንደገና ቀላቀልኳቸው። ተመለሱ። ኛይየን "ቲቸር፣ እዚህ ማራገቢያ አለ፣ ወገን አይደለም" አለችኝ። ማራገቢያው እውነትም ግራ በኩል ነው። ተውኳቸው።

የዴኑን ንጉሥ የካኑትን አፈ ታሪክ በዚህ አጋጣሚ ነገርኳቸው። ሹማምንቱ ሲያሞግሱት ዙፋኑን ባሕር ዳር አስወስዶ ማዕበሉን ቁም ይለዋል፤ ማዕበሉ እግሩን ያርሰዋል፤ የንጉሥን ሥልጣን ልክ አያችሁ ይላቸዋል። ኦሉም "ባሮ ቢሆን ከነወንበሩ ይወስደው ነበር" አለ። ይህ ልጅ መናገር ጀምሯል፤ አሁን ማን ያስቆመዋል።

ግንቦት 20

ከትምህርት ቢሮ ደወሉ። ደሴ ቦታ ተገኝቷል፣ ማመልከቻዬን ባድስ በመስከረም እሄዳለሁ። ማመልከቻውን አወጣሁት። አማርኛው ያሳፍራል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የላክኩት ይህን ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በስሜ አይሄድም። ማስተካከል ይኖርብኛል፤ አሁን ግን የፈተና ሰሞን ነው፣ ጊዜ የለኝም። ማሚቱ ምንም አላለችም። ስትዘፍን ሰማኋት።

ሰኔ 27

ፈተናው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው፤ ገብተው እዚያው እያደሩ ሲጨርሱ ይወጣሉ። ዛሬ መውጫቸው ነበር። የእኔ መምጣት አስፈላጊ አልነበረም፤ መጣሁ። አኬሎ ከበሩ ፊት ቆማለች፣ የሚበላ ይዛ። ጋትሉዋክ ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

ዴኖቹ በመጨረሻ ምን ሆኑ አለኝ። ልጄን ጠይቄያት አንተን ጠይቅ አለችኝ አለ።

ነገርኩት። ተዋጉ፣ ታረቁ፣ እንደገና ተዋጉ። አገሩን ተካፈሉት። አረሱ። በሳክሶኖቹ ጎን ቤት ሠሩ፣ ሚስት አገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ኖርማኖቹ ሲመጡ ሁለቱንም አንድ ላይ ገዟቸው።

"ኖርማኖቹ እናንተ ናችሁ" አለ። እየሳቀብኝ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኛ በጭነት መኪና ነው የመጣነው አልኩት። እንደ ጥሩ ቀልድ ጉልበቱን መታ። ቀልድ አልነበረም፤ ግን እኔም ሳቅኩ።

"አሁን የት አሉ? ዴኖቹ።"

"አሉ። እዚያው ናቸው። ግን ማን ዴን፣ ማን ሳክሶን፣ ማን ኖርማን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም።"

አሰበበት። "በጦር አላለቁም" አለ።

"አይ። ተዋልደው ነው ያለቁት።"

"እንደዚህ ከሆነ ጥሩ ነው ማለቅ" አለ። አኬሎ ሳትዞር "እስኪያልቁ ግን ምን ይበላሉ" አለችና ከያዘችው ለሁለታችንም ቆርሳ ሰጠችን። ደረቅ ዓሣ ነበር። በላን።

በሩ ሲከፈት ልጆቹ እንደ ጎርፍ ወጡ። ኛኩዎልና ኦሉም አብረው ነበሩ፣ እየተከራከሩ። እናቱ ስትይዘው አጎነበሰላት። ታሪክ እንዴት ነበር አልኩት፤ ድምፄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

"ጥሩ ነው ቲቸር። ሁሉንም ሠርቻለሁ።"

"ሳክሶኖች? ስንት ጥያቄ?"

ሁለቱ ተያዩ።

"አንድም አልመጣም" አለች ኛኩዎል። "ዴንም፣ ኖርማንም። ምንም።"

ተናደድኩ። ለሚመለከተው አካል አቤት እላለሁ፣ ይህ በትምህርት መቀለድ ነው፣ ፈተና የሚያወጡት ሰዎች ምን ያነባሉ አልኩ። እነሱ ቆመው ይሰሙኝ ነበር፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን እንደተሸከሙ፣ ከነወላጆቻቸው አራቱም እየሳቁ። እየሳቁ እንደሆነ አይቻለሁ። ንግግሬን ግን አላቋረጥኩም። እስከ ባሮ ድልድይ ድረስ እየተናገርኩ ሄድን።